የደብረ ብርሃን ውርጭና የጨቅላዎቹ ክፍል

ዕድራችን ውስጥ በቅርቡ የገቡ አንዲት ሴትዮ በምን ሥራ ጡረታ እንደወጣሁ ጠየቁኝ። ኤሲ እየገጠምኩና እየጠገንኩ አልኳቸው። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና፣ «እዚሁ ደብረ ብርሃን?» አሉኝ።

አልተቀየምኳቸውም። ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስሰማው ኖሬአለሁ። አብዛኛው ሰው ኤሲ ሲባል የሚታየው ብርድ የሚነፋ ነጭ ሳጥን ነው። ብርዱን ደግሞ እኛ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማንም እርዳታ እናገኘዋለን። ሆኖም በዚህ ብርዳም ከተማ በዚያ ሙያ ኖሬ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንዴት እንደሆነ በዕድር ስብሰባ መሃል ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አሁን ጊዜም ስላለኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ ነበር። የጥገናው አለቃ የተላከለት ባለሙያ ሴት መሆኗን ሲያይ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንድቆጥር ሊመድበኝ አሰበ። ከጎኑ የቆሙ፣ በሥራ ቱታቸው ሥር ሁለት ሹራብ የደረቡ ቀጭን ሰው ግን እሳቸው ጋ ሰው እንደጎደለና እኔን እንደሚፈልጉ ተናገሩ። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ ከአንኮበር ቁልቁል የአሊዩ አምባ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው፣ ወደቡ ላይ ዓሣና ሥጋ በሚቀመጥባቸው ትልልቅ ማቀዝቀዣ ቤቶች ሙያውን ተማሩ። ከዚያ ሁሉ ሙቀት በኋላ እንጀራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን አመጣቸው። ብርዱን እስከ መጨረሻው አልለመዱትም። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ኮምፕሬሰር በሚባለው፣ ሲሠራ በሚግለው የጋዝ መጭመቂያ ሞተር ላይ አስቀምጠው እያሞቁ፣ አሰብ እያሉ ይህንኑ ዕቃ የሚነኩት በጨርቅ ይዘው እንደነበር ይነግሩን ነበር።

ሌላው ሠራተኛ የሚያስታውሰው ጨዋታቸውን ነው። እኔ የማስታውሰው ልማዳቸውን ነው። ኤሲው የተበላሸበት ክፍል ስንገባ የመሣሪያ ሳጥኑን እንድከፍት አይፈቅዱልኝም። ወንበር ይለምኑና ይቀመጣሉ። ከዚያ እዚያ ክፍል የሚውለውን ሰው፣ ጸሐፊም ትሁን ጥበቃ፣ ማናገር ይጀምራሉ። የሚብሰው መቼ ነው? ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማል? ውሃው የሚንጠባጠበው በየት በኩል ነው? ይህን «ክፍሉን መጠየቅ» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ የሥራ ሰዓት ማባከን ይመስለኝ ነበር።

የመዳብ ቱቦ ከመንካታቸው በፊት ምግብ እንደሚበላ ሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። ቱቦ ሲቆርጡ አፉን ወደ መሬት ደፍተው ነው፤ የመዳቡ ብናኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ውሎ አድሮ ኮምፕሬሰሩን እንዳይበላው። አፉን በመሣሪያ እንደ ጥሩንባ ካሰፉት በኋላ ጥፍራቸውን በዙሪያው ያስኬዳሉ። ጥፍሩን አንድ ቦታ ያዝ ካደረገው፣ ለዐይን ባይታይም ጋዙ ማምለጫ አግኝቷል ማለት ነውና ቆርጠው እንደገና ይጀምራሉ። ነት ሲያጠብቁ አይታገሉም። ጋዝ የሚያሾልከው ነት የላላው ብቻ ሳይሆን ከልክ በላይ የተጠበቀውም እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፍሳሽ ሲፈልጉ በጺም መላጫ ብሩሽ የሳሙና አረፋ ይቀቡና ፊታቸውን አስጠግተው ይጠብቃሉ። ሁሉም ሲያልቅ «ቢስሚላህ» ብለው ያበሩታል፤ አብርተው ግን አይሄዱም። ሻይ ይጠጣሉ፣ ከሰዎቹ ጋር ያወራሉ፣ በየመሃሉ ቱቦውን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ።

«ማሽን የሚዋሸው መጀመሪያው ሰዓት ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። «ውሸቱ እስኪያልቅበት ቁጭ በይ።»

ብቻዬን የመጀመሪያውን ኤሲ የገጠምኩት በዚያው ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ነው። ውጭው ቢበርድም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት የሚሠሩ ማሽኖች በራሳቸው ሙቀት ይቃጠላሉ፤ በብርድ አገር ኤሲ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የውስጡን ሳጥን በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ውሃው እንዲወርድ ወደ መውረጃው ጎማ ትንሽ አዘንብዬ ሰቀልኩ። ቱቦዎቹንም አገናኘሁ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት። ፓምፑን አስነሥቼ የግፊት መለኪያውን፣ የጌጁን መርፌ ስጠብቅ፣ መርፌው የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ወደሚለው የመጨረሻ ምልክት ሳይደርስ ቆመ። ፍሳሽ አለ ብዬ ነቶቹን ሁሉ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ሳሙና ቀባሁ። ከሰዓትም መርፌው እዚያው ነው። እንባዬ ሊመጣ ሲል ጋሽ ሰይድ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አሰብ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከላይ የሚጫነን አየር ከባድ ነው» አሉኝ። «እዚህ ተራራ ላይ ነን፣ አየሩ ሳስቷል። ፓምፑ ያለውን ሁሉ አውጥቷል። የሌለ አየር አውጣ ብትይው ከየት ያምጣልሽ?»

እሳቸውም ከአሰብ እንደመጡ በዚሁ ነገር ብዙ እንደለፉ የነገሩኝ ቆይተው ነው።

ስለ ደመወዝና ስለ ዕድገት ደብዳቤ አልጽፍም፤ ሁለቱም እየዘገዩም ቢሆን ደርሰዋል። ጋሽ ሰይድ ጡረታ ወጥተው አሊዩ አምባ ልጃቸው ጋ ሲገቡ፣ እኔም ፋብሪካውን ለቅቄ ለጤና ተቋማት በሚሠራ የጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። አለቃዬ አቶ ደምሰው ዘወትር ወረቀት የሚያሳድዳቸው፣ ሰው ሲቸገር ግን ወረቀቱን ወደ ጎን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። የክትባት ማቀዝቀዣ ልጠግን ለሚ ከተማ ድረስ ሄጃለሁ። ጣርማ በር ላይ ጣቶቼ ደንዝዘው ነት መያዝ ሲያቅታቸው በብብቴ ሥር አሙቄአቸዋለሁ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል ወርጄ የመድኃኒት ማከማቻ ኤሲ ስፈታ፣ ፀሐይ ላይ የረሳሁት መፍቻ መዳፌን አቃጥሎኛል። ቆላውም ደጋውም በአንድ ቀን መንገድ ስለሚገናኙ፣ የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ የሱፍ ጓንትና የፀሐይ ኮፍያ አብረው ይኖሩ ነበር።

በደንብ ልተርከው የምፈልገው ግን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ የገጠመኝን ነው።

ከወለጋ የተፈናቀሉ ገበሬ ቤተሰቦች ከተማችን ገብተው በመጠለያ ከሰፈሩ ቆይተዋል። ከእነሱ መሃል ብዙዎቹ ሴቶች የሚወልዱበት ጤና ጣቢያ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር የሚያቆይበት አንድ ክፍል ነበረው። የዚያ ክፍል ጠላት ብርድ ነው። እንዲህ ያለ ጨቅላ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሞክሩ ብሬከሩ እየወደቀ የሕንፃው መብራት በሙሉ ይጠፋል፤ መስመሩ የድሮ ነው፣ አይሸከምም። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ማሞቅም የሚችል ስፕሊት ኤሲ፣ አንዱ ሳጥን ከውስጥ ሌላው ከውጭ የሚቀመጥ፣ ገዝቶ ሰጠና፣ ሄደሽ ግጠሚ ተባልኩ።

ኤሲ ብርድ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ይህ ይገርመዋል። ኤሲ ብርድ አይሠራም፣ ሙቀትም አይሠራም፤ ተሸካሚ ነው። ቆላ ላይ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት አንሥቶ ውጭ ይጥላል። ማሞቂያ ላይ ሲደረግ መንገዱን ይገለብጥና፣ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ክፍሉ ያስገባል። ውጭው ቢበርድም የሚለቀም ሙቀት አያጣም። ሥራው መሸከም ብቻ ስለሆነም ከምድጃው በጣም ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል።

የገጠምኩት መስከረም ሲያልቅ ነው። የውጭውን ሳጥን ከክፍሉ ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው በር አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ቱቦው የሚያጥረው በዚያ በኩል ነበር፤ አጭር ቱቦ ደግሞ ጥሩ ነው። ሲያሞቅ የውጭው ሳጥን ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ግቢው እንዳይጨቀይ ብዬ ጎማ ገጠምኩለትና እስከ ቦዩ ወሰድኩት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ አሠራሩ ንጹሕ መሆኑን አይተው አመሰገኑኝ። አብርቼው ቁጭ አልኩ። ክፍሉ ሞቀ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር መቅደስ ሹራቧን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለችው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሹራቧን ስታወልቅ የመጀመሪያ ጊዜዋ እንደሆነ ነገረችኝ።

ኅዳር ገባ፤ ውርጩም ሜዳውን ነጭ ማድረግ ጀመረ። አንድ ጠዋት ሲስተር መቅደስ ደወለችልኝ። ሊነጋ ሲል ማሽኑ ቀዝቃዛ አየር ነፍቶ ቆሟል። ስደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር። አበራሁት፤ ደህና አድርጎ አሞቀ። ጌጅ ገጠምኩ፣ የሚስበውን ኤሌክትሪክ ለካሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ነቶቹን በሳሙና ፈተሽኩ፤ አረፋ የለም። በማግስቱ ጠዋት ያው ሆነ። የሙቀት መለኪያ ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ ቀን ላይ ያለ ምንም እንከን ሲሠራ ዋለ። በሦስተኛው ጠዋት የውጭው ፋን ክንፍ ተሰብሮ ማሽኑ ጨርሶ ቆመ።

በዚያ ጠዋት የአለሚቱ ልጅ ቀዘቀዘች። አለሚቱ ከመጠለያው የመጣች ወጣት እናት ናት፤ ልጇ ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች፣ በሁለት መዳፍ የምትያዝ ሴት ልጅ ነበረች። ሲስተር መቅደስ ሕፃኗን ከእናቷ ደረት ጋር አጣብቃ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። እኔ ስገባ መኪናው ሲወጣ በሩ ላይ ተላለፍን። በመስኮቱ አየኋት። አለሚቱ ቀና አላለችም፤ ትንፋሿን በብርድ ልብሱ ክፍተት ወደ ልጇ ፊት ትተነፍስ ነበር።

አቶ ግርማ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ክፍሉን እንደሚዘጉት፣ እናቶቹም ሕፃናቱን ይዘው ወደ መጠለያው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። የመጠለያው ግድግዳ ሸራ ነው። ለጊዜው ሕፃናቱን ማዋለጃው ክፍል አስገብተው፣ እናቶቻቸው ደረታቸው ላይ አቅፈዋቸው እንዲያድሩ አደረጉ።

አዲስ የፋን ክንፍ አስመጥቼ ገጠምኩ። የፊተኛው ለምን እንደተሰበረ ግን አላወቅሁም፤ ምክንያቱን ሳላውቅ ሕፃናቱን እዚያ ክፍል መልሼ ማስተኛት አልፈለግሁም። በማግስቱ በአንኮበር በኩል አሊዩ አምባ ወረድኩ።

የገበያ ቀን ስለነበረ መኪናው በሰው ተጨናንቋል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ተሳፋሪው በየተራ ሹራቡን ያወልቅ ጀመር። ጋሽ ሰይድን ከቤታቸው ጓሮ፣ ሽንኩርት መደብ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ልጃቸው ከድጃ ምሳ አቀረበች። እየበላን የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ማሽኑን የፈተሽሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉኝ።

«ጠዋት፣ እንደደረስኩ።»

«ፀሐይ ወጥታ?»

«ወጥታ።»

«ሕመሙ ሊነጋ ሲል የሚነሣበትን ሰው ከቁርስ በኋላ እየሄድሽ ደህና ነህ ትይዋለሽ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እናቶቹስ ምን አሉሽ?»

አልጠየቅኋቸውም ነበር። ሲስተር መቅደስን ጠይቄአለሁ፤ እሷ ግን በዚያ ሰዓት ማዋለጃውንም ስለምታይ ትመላለሳለች። ክፍሉ ውስጥ ነቅተው የሚያነጉት እናቶቹ ናቸው። ሕፃናቱን ሳይ ቸኩዬ፣ ወንበር እንኳ ሳልስብ በቀጥታ ጌጅ ወደ መግጠም ሄድኩ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙቀት ሳባርር ነው የኖርኩት» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ሙቀት የሚያመጣ ኤሲ ገጥሜ አላውቅም፤ ምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ግን አብሬሽ ቁጭ እላለሁ።»

ከድጃ በዚህ ዕድሜያቸው ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ መቀመጥ ደረታቸውን እንደሚጎዳው ደጋግማ ነገረቻቸው። እሳቸው ሁሉንም አዳመጡና ወፍራሙን ብርድ ልብስ እንድታመጣላቸው ለመኗት። በዚያው ከሰዓት አብረን ወጣን።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ አለሚቱ ከሆስፒታል ተመልሳለች። ልጅቷ ሞቃ፣ ጡት መሳብ ጀምራ ነው የመጣችው። ጋሽ ሰይድ ወንበር ለመኑና ከእናቶቹ ፊት ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ያን ማሽን የገጠምኩት እኔ እንደሆንኩ ለአለሚቱ ነገርኳት፤ ከእኔ እንድትሰማው ፈልጌ ነው። አንገቷን ነቀነቀች። ስለ ማሽኑ ስትጠየቅም መጀመሪያ፣ እሷ የገበሬ ልጅ እንደሆነችና ማሽን እንደማታውቅ ተናገረች።

«ማሽኑን ተይው ልጄ» አሏት ጋሽ ሰይድ። «የሰማሽውን ብቻ ንገሪን።»

አለሚቱ ልጇን ደረቷ ላይ ከፍ አደረገቻትና አሰበች።

«ሊነጋ ሲል ዝም ይላል» አለች። «ከዚያ ከውጭ ሿ የሚል ድምፅ ይመጣል። እሱ አያስፈራኝም፤ ቆይቶ መልሶ ይሞቃል። ውርጭ የጣለ ጠዋት ግን ሿ ካለ በኋላ ይንኳኳል፤ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚለው። ከዚያ ይቆማል። ልብስ ማጠቢያው የተከፈተ ቀን ይብሳል። የልጅ ጨርቅ ላጥብ ስወጣ እንፋሎቱ በበሩ ወጥቶ ወደ ማሽኑ ሲሄድ አያለሁ» አለች።

ለምን ቀድማ እንዳልተናገረች ሲስተር መቅደስ ጠየቀቻት። ማንም አልጠየቀኝም አለች፤ ወቀሳ አልነበረበትም፣ እንዲሁ የሆነውን ነገረቻት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ሰይድና እኔ ከውጭው ሳጥን ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። እሳቸው ከብርድ ልብሱ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ማሽኑ ባዶውን ክፍል እያሞቀ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኗል። የልብስ ማጠቢያዋ ሠራተኛ መጥታ በሩን ከፈተች፤ የፈላው ውሃ እንፋሎት ወፍሮ ወጣና፣ ፋኑ ወደሚስብበት ወደ ሳጥኑ ጀርባ ተጠማዘዘ። የሳጥኑ ክንፍ ክንፍ ያለው ላሜራ ዐይናችን እያየ ነጭ አመዳይ ለበሰ።

ይህ እስከዚህ ድረስ ጤና ነው። ማሽኑ ሙቀት ሲለቅም የውጭው ላሜራ ከአየሩም በላይ ስለሚቀዘቅዝ አመዳይ ይይዛል። ማሽኑ ይህን ሲያውቅ ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን ገልብጦ ራሱን ያሟሟል፤ አለሚቱ የሰማችው ሿታ ያ ነው። ማሽኑ ዝም አለ፣ ሿ አለ፣ አመዳዩ ቀለጠ፣ ውሃውም ወደ ሥር ወረደ። ከዚያ ወደ ጎማው መግባት ነበረበት። አልገባም። ጎንበስ ብዬ በእጅ ባትሪ ሳበራ ውሃው የሳጥኑ ወለል ላይ እንደ ገበታ ተኝቷል። ፋኑ ተነሥቶ ቀዝቃዛውን አየር ሲስብበት ያው ውሃ ጠርዙን እየያዘ መርጋት ጀመረ። እንደገና አመዳይ ያዘ፣ እንደገና አሟሟ፣ የፊተኛው በረዶ ላይ ሌላ ውሃ ተጨመረ። በረዶው እያደገ ሄዶ የፋኑን ክንፍ ሲነካ አለሚቱ እንዳለችው ተንኳኳ። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት።

ጋሽ ሰይድ ከብርድ ልብሱ እጃቸውን አውጥተው ጎማውን አንኳኩት። እንደ ብረት ጮኸ። እስከ አፉ በረዶ ሞልቶታል። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ይቀልጣል፣ ውሃውም በጎማው ይፈስሳል፤ እኔም ደርሼ ምንም የሌለበት ደህና ማሽን አገኛለሁ።

ያን ጎማ ተጠንቅቄ፣ አሳምሬ የገጠምኩት ነበር። እሳቸው ፊቴን አይተው፣ «እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምገጥመው» አሉኝ። «የረጋ ውሃ አሰብ ላይ ማን ያውቃል?»

የሚደረገው ነገር አሁን ግልጽ ነበር። ሳጥኑ ከእንፋሎቱ መራቅ፣ ጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኘው ወደ ምሥራቁ ግድግዳ መዞር፣ ከመሬት መነሣት አለበት። ጎማው መውለቅ አለበት፤ ውሃው እንደቀለጠ በቀጥታ ይውረድ። አቶ ግርማ ግድግዳ እንደገና መበሳቱ፣ ደግሞም ለዚያ ጎማ ካመሰገኑኝ በኋላ ግቢው ውሃ ሊንጠባጠብበት መሆኑ አላስደሰታቸውም። በረዶው ሳይቀልጥ ወስጄ አሳየኋቸው። ጎማውን ራሳቸው አንሥተው ሲያዩት እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሥራውን ቀጥሉ አሉ። አቶ ደምሰውም የግዢ ወረቀቱ እስኪፈረም ሳይጠብቁ አንድ በያጅ በራሳቸው መኪና ይዘው መጡ፤ በኋላ ስለዚህ ብዙ ወረቀት ሳይጽፉ አልቀሩም።

በያጁ በቱቦላሬ ወገብ የሚደርስ ማቆሚያ ሠራ፤ ከላዩም ዝናብና በረዶ እንዳይወርድበት ቆርቆሮ አለበሰው። ከሥሩ ጠጠር አፈሰስንበት፤ ውሃው ሳይጨቀይ እንዲሰርግ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ማሽኑን ማቀዝቀዣ ላይ አድርጌ ጋዙን ወደ ውጭው ሳጥን ሰበሰብኩና ቫልቮቹን ዘጋሁ። አዲስ ቱቦ ቆረጥኩ፣ አፉን ወደ መሬት ደፍቼ። እጄን ታጥቤ አሰፋሁት፣ ጥፍሬን በዙሪያው አስኬድኩ። አንዱ ያዝ አደረገኝ፤ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። ፍሳሽ ካለ እንዲታይ ቱቦውን ናይትሮጅን ሞልቼ ሳሙና ቀባሁ። ጋሽ ሰይድ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ያያሉ፤ አንድም ቃል አልጨመሩም። ፓምፑ ሲነሣ መርፌው ከመጨረሻው ምልክት መለስ ብሎ፣ የደብረ ብርሃን ቦታው ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ አልተነቃነቀም። ቱቦውን በስፖንጅ ሸፍኜ፣ ቫልቮቹን ከፍቼ አበራሁት።

በማግስቱ የጣለው ውርጭ ከእስከዚያ ቀኑ ሁሉ የባሰ ነበር። የውሃ ቧንቧው ረግቶ የጥበቃው ሠራተኛ ሙቅ ውሃ ሲያፈስበት ደረስን። በዚያ ቀን የተቀመጥነው ውጭ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ነው። ሕፃናቱ ገና ማዋለጃው ክፍል ናቸው፤ አለሚቱ ብቻ ልጇን እንደታቀፈች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሲስተር መቅደስ የግድግዳውን ሙቀት መለኪያ ከሥሩ ቆማ ታያለች። ማሽኑ ዝም አለ። ከውጭ ሿ የሚለው ድምፅ መጣ፤ ከዚያም ውሃ ጠጠር ላይ ሲወርድ ተሰማ፣ ብዙ ውሃ። ሁላችንም የሚንኳኳውን ጠበቅን። አልተንኳኳም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የውስጡ ሳጥን አፍ ቀስ ብሎ ተከፈተና ሙቅ አየር ፊታችንን ነካው።

ማሽኑ በመጀመሪያው ሰዓት እየዋሸኝ እንደሆነ ብዬ እስኪረፍድ ቁጭ አልኩ። ዝም አለ፣ ሿ አለ፣ ተመልሶ ሞቀ፤ ደጋግሞ። ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ሲስተር መቅደስ እናቶቹን አንድ በአንድ እየጠራች ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ከዚያ ወደ አለሚቱ ዞረች።

«ልጅሽን ዛሬ እናጥባት» አለቻት።

አለሚቱ በመስኮቱ ነጩን ሜዳ አየች። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ እንዳይበርዳት ተብሎ በሞቀ ጨርቅ ስትጠረግ ነው የኖረችው፤ ታጥባ አታውቅም።

«በዚህ ውርጭ?» አለች።

«በዚህ ውርጭ።»

ሲስተር መቅደስ ሙቅ ውሃ በሳህን አመጣችና በክርኗ ለካችው። አለሚቱ ልጇን አልጋው ላይ አስተኝታ መፍታት ጀመረች፤ መጀመሪያ ብርድ ልብሱን፣ ከዚያ ሹራቡን፣ ጨርቆቹን፣ በመጨረሻ ኮፍያዋን። ከዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ የወጣችው ልጅ ካሰብኩት በጣም ታንሳለች። ውሃው ሲነካት ተኮማተረችና አለቀሰች፣ ከዚያ ጣቶቿን ዘርግታ ዝም አለች። እኔ ሳላስበው ፎጣውን አንሥቼ አዘጋጅቼ ቆሜአለሁ። አለሚቱ ግን አልቸኮለችም። ትከሻዋን፣ አንገቷን፣ ከጆሮዋ ኋላ ቀስ እያለች አጠበቻት።